ዶልፊኗ ጎርፍ ጠጥታ ሞተሯ ተያዘ፤ ሞተሩ ይውረድ ወይስ ዘይት ተቀይሮ ትነሳ?

ባለዶልፊኗ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አንድ ዶልፊን (የቶዮታ ሚኒባስ) አለችኝ፣ ሞተሯ 5ኤል ናፍጣ ነው፣ ኮምቦልቻ–ባቲ ነው የምትሠራው። እኔ መንዳት አልችልም፤ ስለ ሞተርም ዘይትና ውሃ ከመጠየቅ ያለፈ እውቀት የለኝም። ሪያድ ሰው ቤት ሠርቼ ባጠራቀምኩት ብር ነው የገዛኋት። ስለዚህ "መካኒክ ያውቃል" ብላችሁ አትለፉኝ፣ እንደ እህታችሁ አስረዱኝ።

ባለፈው ሰኞ የባቲ ገበያ ውለው ሲመለሱ ዝናቡ ከላይ ከተራራው መጣና ጎርፉ አስፋልቱን አቋርጦ ይሄድ ነበር። ሹፌሩ ከፊቱ አንድ ሲኖትራክ ሲሻገር አይቶ ተከትሎ ገባ። ሲኖትራክ የተሻገረውን ዶልፊን አያቅተውም እንግዲህ በሱ ቤት። መሃል ላይ ውሃው መብራቷ ድረስ ደረሰና ሞተሯ ጠፋ። ቁልፍ አዙሮ ሊያስነሳት ሲሞክር፣ ረዳቱ እንደነገረኝ፣ አንዴ "ጓ" ብላ ቀጥ አለች። ከዚያ ወዲያ ሞተሪኖው (ማስነሻው) "ጠቅ" ከማለት በቀር አልዞረም። ተሳፋሪው ወርዶ ገፍቶ አወጣት፣ አላህ ይስጣቸው። ሰው አልተጎዳም። አንድ ኢሱዙ ጎትቶ ኮምቦልቻ አስገባልኝ።

እስካሁን ሁለት መካኒክ አይቷታል። አንደኛው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና "ሞተሩ ይወርዳል፣ ሙሉ እድሳት ነው፣ ፒስቶን፣ ሪንግ፣ ብሮንዚን፣ ሁሉም" ብሎ ዋጋ ጠራልኝ። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፣ ራሴን ያመኛል። ሁለተኛው ደግሞ "ምንም አልሆነችም፣ ዘይት ቀይረን በሁለተኛ ማርሽ ገፍተን እንለቃታለን፣ ትነሳለች" ይላል። ሹፌሩም ከሱ ጋር ነው፣ ቁልፍ ስጪኝ እያለ በር በሬን ይመላለሳል።

እኔ ያየሁት ይህን ነው፦ የዘይት መለኪያውን ሲመዙት ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ወጥቷል፣ ቀለሙም ማኪያቶ ሆኗል። ራዲያተሩ ግን ሙሉ ነው፣ ውሃውም እንደነበረው ነው፣ ዘይት አልነካውም። መቀመጫው ሥር ጭቃ አለ።

ከሁለቱ የማንን ልስማ?

የጨፋ ሹፌር

እህቴ አብሽሪ፣ ይቺ ነገር ክረምት በመጣ ቁጥር የምታጋጥም ናት። ቦርከና ጨፋ ላይ ሲተኛ እኛም ስንቴ ተይዘናል። የኔን ሚኒባስ ዘይቱን አፍስሰን፣ ናፍጣ ሞልተን፣ ጥቂት አስነስተን አጠብናት፤ ከዚያ አዲስ ዘይት። እስከ ዛሬ ትሠራለች። ሞተር አውርዱ የሚልሽ ቤቱን ሊያሠራ ያሰበ ነው። ሹፌርሽንም አትቆጪው፣ መንገድ ላይ ተሳፋሪ ሲጮህብሽ ሌላ ነው።

አያ ፒንሳ (ደሴ)

እቱ፣ ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ቁልፉን ማንም እንዳይነካው። መግፋትም የለም። ባትሪውን አስነቅይና ቁልፉን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ሹፌርሽ ደግ ሰው ይሆናል፤ ቁልፍ ያየ ሹፌር ግን ሳያዞር አያድርም።

የጨፋው ወንድማችን የነገረሽ የሱ መኪና ታሪክ ነው። የሱ ውሃ ዘይት ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ያንቺ "ጓ" ብላለች። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሞተር አየር ይጨምቃል፣ አየርም እሺ ብሎ ይጨመቃል። ውሃ አይጨመቅም። 5ኤል 2986 ሲሲ ነው፤ ለአራት ሲካፈል አንዱ ሲሊንደር 746 ገደማ ይደርሰዋል። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ ያንን አየር ከ22 እጥፍ በላይ ያሳንሰዋል። ጫፍ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ 35 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፣ የቡና ሲኒ ግማሽ ማለት ነው። በአየር መሳቢያው ከዚያ የበለጠ ውሃ ከገባ ፒስቶኑ መሄጃ ያጣል። ከታች ክራንኩ (የሚዞረው ዘንግ) ይገፋል፣ ከላይ ውሃው አይነቃነቅም፣ መሃል ያለው ቢየላ (ፒስቶኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ክንድ) ይታጠፋል። ሞተሩ በራሱ እየሠራ ሳለ ውሃ ሲውጥ አደጋው የከፋ ነው፤ በሞተሪኖ ሲዞር ይለዝባል፣ ምክንያቱም ፍጥነቱ ትንሽ ነው። መግፋት ግን ከሞተሪኖም ይብሳል፤ የመኪናዋ ክብደት ሁሉ በጎማው፣ በካምቢዮው አልፎ ያንን ፒስቶን ይገፋዋል። ሞተሪኖው ያላጠፈውን ቢየላ በሁለተኛ ማርሽ ታጥፊዋለሽ።

ስለዚህ ከሁለቱ መካኒኮች የማንንም አትስሚ። አንዱ ሳያይ አወረደው፣ አንዱ ሳያይ አስነሳው። መጀመሪያ ውሃው የት ድረስ እንደገባ ይታይ። ይቺ መኪና ኮምፒዩተር የላትም፣ ለዚያ ተመስገን በይ፤ ሁሉም ነገር በዓይንና በእጅ ይታያል።

መቀመጫውን አንሡና የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ክፈቱ። ማጣሪያው ደረቅ ከሆነ ውሃ በዚያ በኩል አልገባም፣ ነገሩ ቀለለ። ከረጠበ ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ንቀሉና ውስጡን በጣት ዳብሱት። ደለል በጣት ከመጣ ጎርፉ እዚያ አልፏል።

ቀጥሎ ዘይቱ። ራዲያተሩ ሙሉና ንጹሕ ነው ማለትሽ ጥሩ አድርገሻል፤ ዘይት ማኪያቶ የሚሆነው የቴስታታ (ከብሎኩ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለት ማሸጊያው፣ ሲበላም ነውና። ያኔ ግን ራዲያተሩ ይጎድላል ወይ ዘይት ይንሳፈፍበታል። ያንቺ የጎርፍ ውሃ ነው። (ደሴ ውስጥ ለሚያነቡ፦ ብርድ ላይ አጭር መንገድ ብቻ የምትሠራ መኪና የዘይት መሙያ ክዳኗ ሥር ነጭ ነገር ቢይዝ አትደንግጡ፣ እሱ እንፋሎት ነው። መለኪያው ላይ ያለው ነው የሚያስፈራው።) ውሃ ከዘይት ይከብዳል፣ መኪናዋ ከቆመች በኋላ የተወሰነው ታች ወርዶ ይተኛል። አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ከሥር አድርጋችሁ የማፍሰሻውን ብሎን ቀስ አድርጋችሁ አላሉት። መጀመሪያ ባዶ ውሃ ይወርዳል፤ ምን ያህል እንደሆነ እዩት። ከዚያ ዘይቱን በሁለት ጣት እሹት። ልስልስ ካለ ደህና፤ ከጎረበጠ አሸዋ ነው፣ አሸዋ ደግሞ ብሮንዚን (ክራንኩ ላዩ ላይ የሚዞርበትን ለስላሳ ብረት) ይበላል። ናፍጣ ሞልቶ አስነስቶ ማጠብ የተባለውን እርሺው። ናፍጣ ብሮንዚን ላይ እንደ ዘይት አይቆምም፣ አሸዋውንም ይዞ ይዞራል።

ከዚያ ዋናው። አራቱን ማሞቂያ ካንዴላዎች ፍቱ። ዝገት ይዟቸው እንቢ ካሉ ጉልበት አይጨመር፤ ዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ አሳድሩት፣ ቴስታታው ውስጥ ከተሰበረ ሌላ ጣጣ ነው። አራቱም ከወጡ በኋላ በክራንኩ ፑሌ ብሎን ላይ ቁልፍ አስገብታችሁ በእጅ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ሁለት ዙር ያልኩት አራቱም ፒስቶን የመጭመቅ ተራው እንዲደርሰው ነው። ውሃ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ፊጭ ብሎ ይወጣል፤ ማንም አጎንብሶ እንዳያይ፣ ዓይን ይጎዳል። ከየትኛው ቀዳዳ ውሃ እንደወጣ በኖራ ምልክት አድርጉ። ዙሩ ልክ አንድ ቦታ ላይ እየደረሰ የሚይዝ ከሆነ አቁሙ፣ አታስገድዱት፤ የታይሚንግ ቺንጋው (ክራንኩንና ቫልቮቹን አብሮ የሚያስኬደው ጥርሳም ቀበቶ) ክዳን ይከፈትና ጥርስ ዘሎ እንደሆነ ይታይ።

በእጅ ከዞረ ባትሪውን መልሱ። የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለውን ማጥፊያ ሽቦ ንቀሉት፣ ናፍጣ እንዳይሄድ። ካንዴላዎቹ እንደወጡ በሞተሪኖ ጥቂት አዙሩት፣ የቀረው ውሃ ይወጣል። ያን ቀን ሥራው ካላለቀ በየቀዳዳው ትንሽ ንጹሕ ዘይት ጠብ አድርጉና በእጅ አዙሩት፤ ሲሊንደር እርጥቡን ካደረ ይዝጋል።

አሁን ኮምፕሬሽን፣ ማለት እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ፣ ይለካ። መለኪያው የናፍጣ ሞተር ይሁን፣ የቤንዚኑ አይችልም። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ የሚስተው ነገር አለ። የቶዮታ መጽሐፍ ለዚህ ሞተር 30 ባር አካባቢና ከዚያ በላይ ይላል፤ እሱ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ደሴ ላይ ሩብ ያህል ይጎድላል። መጽሐፍ ይዞ ኮምቦልቻ ላይ 25 አንብቦ "ሞተሩ አልቋል" የሚል ሰው ካጋጠመሽ ሻይ ጋብዘሽ ሸኚው። የሚያስፈልገን አራቱ እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው።

አራቱ ከተቀራረቡ ሞተሩ አይወርድም። አንዱ ለብቻው ከወረደ ተመልሰሽ ጻፊልኝ። ሳያስነሱ።

ናፍጣ ታንኩም አይረሳ። ውሃ ከታች ይተኛል፣ ከሥር ባለው ብሎን ይፍሰስ። የናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን ማፍሰሻም ክፈቷት። ይህ ፖምፓ የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ናፍጣ ነው፤ ውሃ ካለፈበት ይዝጋል፣ የፖምፓ ዋጋ ደግሞ ከሞተሩ እድሳት ብዙ አይርቅም።

በአሰብ መንገድ ዘመን ኤንትሬ (የፊያት ከባድ መኪና) የሚነዱ ሰዎች ጎርፍ ሲያዩ አጥፍተው ወርደው ሻይ ያፈሉ ነበር። የቆላ ጎርፍ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። ሹፌርሽ ይቺን ቢሰማት አይጎዳም።

ባለዶልፊኗ (ኮምቦልቻ)

አያ ፒንሳ፣ አላህ ዕድሜዎትን ያርዝምልኝ። ሁለቱንም ትቼ ሰፈራችን ኢሱዙ የሚሠራ አንድ ረጋ ያለ ልጅ አገኘሁ። የጻፉትን ቆሜ እያነበብኩለት ሠራ። መጀመሪያ ደስ አላለውም፣ በኋላ ራሱ "ቀጥሎ ምን ይላል?" ማለት ጀመረ።

ማጣሪያው ጭቃ ነው፤ ወረቀቱ በጣት ሲነካ ይቀደዳል። ቱቦው ውስጥ ደለል አለ። ከዘይቱ በፊት ቡናማ ውሃ ወረደ፣ ሁለት ሊትር የሚይዘውን ጆግ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ዘይቱን እኔም አሸሁት፤ ትንሽ ትንሽ ይጎረብጣል። ካንዴላዎቹ ሦስቱ በቀላሉ ወጡ፣ አንዱ አድሮ ነው የወጣው። በእጅ ሲያዞረው ዞረ፣ የትም አልያዘም። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቀዳዳ ውሃ ወጣ። የሦስተኛው ግድግዳ ድረስ ነው የተረጨው።

ኮምፕሬሽኑ፦ አንደኛው 26፣ ሁለተኛው 25፣ ሦስተኛው 19፣ አራተኛው 26።

ልጁ "የሦስተኛው ሪንግ (የፒስቶኑ ቀለበት) ጭቃ ይዞት ይሆናል፣ ትንሽ ዘይት ጨምረን እንደገና እንለካ፤ ከጨመረ ሪንግ ነው" አለ። ላድርግ? ደግሞ የመጀመሪያው መካኒክ ወሬውን ሰምቶ "አላልኩሽም?" ብሎ ልኮብኛል።

አያ ፒንሳ (ደሴ)

ልጁ የሚያውቅ ልጅ ነው፣ አትለቂው። ዘይት ጨምሮ መለካት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ግን ለቤንዚን ሞተር ነው የሚያምረው። እዚህ ላይኛው ቦታ 35 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው ብያለሁ፤ ያፈሰሳችሁት ዘይት ራሱ ቦታ ይዞ ቁጥሩን ያሳድገዋል፣ "ሪንግ ነው" ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። ተዉት።

እኔ የምጠረጥረው ቢየላውን ነው፤ የምጠረጥረውም በሂሳብ ነው። የ5ኤል ፒስቶን ስፋቱ 99.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቢየላው ታጥፎ ፒስቶኑ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ዝቅ ቢል ላይ ያለው ቦታ በ12 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰፋል፤ 35 የነበረው 47 ይሆናል። 22 እጥፍ የነበረው ጭመቃ 17 ላይ ይወድቃል ማለት ነው። 26 የሚያነበው መለኪያ ያኔ ከ18 እስከ 19 ቢያነብ አይገርመኝም። ያንቺ ሦስተኛ ደግሞ 19 ነው፣ ውሃውም በብዛት የወጣው ከዚያው ነው።

ቫልቭ ወይ ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል? ይችላል። ለሁሉም ቴስታታው ይነሳ። በዚህ ሞተር በካንዴላው ቀዳዳ ሽቦ አስገብቶ የፒስቶኑን ከፍታ መለካት አይቻልም፤ ካንዴላው የሚገባው ጎን ላይ ያለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው፣ ፒስቶኑ ጋ አይደርስም። ቴስታታው ከተነሳ በኋላ ግን ሥራው የካሊብሮ (የመለኪያ መሣሪያው) ነው። አራቱንም ፒስቶን በየተራ ጫፍ አድርሱና ከብሎኩ ፊት ስንት ከፍ እንዳሉ ለኩ። ጤነኛው ትንሽ ብቅ ይላል። የታጠፈው ይጎድላል።

ስትለኩ የፒስቶኑን ራስ አንድ ጫፍ ብቻ አትያዙ፤ በግራም በቀኝም፣ አማካዩ ይወሰድ። ፒስቶን ጫፍ ላይ ሲደርስ ይወዛወዛልና።

"አላልኩሽም" ላለው፦ እሱ ያለው ሞተር ይውረድ ነው። አሁን እኛ ያለነው አንድ ሲሊንደር ላይ ነው። ዝም በዪው።

ቪትዝ ያለው (ወልድያ)

ጣልቃ ልግባ፣ ለቤንዚን መኪና ያላችሁ እንድትጠቀሙ። የኔ ቪትዝ ናት፣ ቆቦ አካባቢ ነው ጎርፍ ያገኘኝ። በቤንዚን ሞተር ካንዴላው ቀጥታ ፒስቶኑ ላይ ስለሆነ አያ ፒንሳ አይቻልም ያሉት እኛ ጋ ይቻላል፤ ቀጭን ቀጥ ያለ ዘንግ አስገብቶ፣ ፒስቶኑን ጫፍ አድርሶ፣ ምልክት አድርጎ አራቱን ማወዳደር ነው። የኛ ጣጣ ሌላ ነው፣ ሶኬትና ኮምፒዩተር። ባትሪ ሳትነቅሉ ቁልፍ አትክፈቱ፤ የረጠበ ሶኬት ላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ እግሮቹ አረንጓዴ ሆነው ይበላሉ። እኔ ሶኬቶቹን ሁሉ ነቅዬ በኮንታክት ማጽጃ ነፍቼ አድርቄያቸዋለሁ፤ ያልነቀልኩት የምንጣፍ ሥሩ ሶኬት በኋላ ያለ ምክንያት መብራት ያበራልኝ ጀመር።

ሌላ ደግሞ፣ እህቴ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ካለሽ ቴስታታ ከመነሳቱ በፊት አሳውቂያቸው፣ መጥተው ይዩት። ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ አትድከሚ፣ እሱ ለራስሽ መኪና አይከፍልም።

ባለዶልፊኗ (ኮምቦልቻ)

ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው ያለኝ ወንድሜ፣ ስለ አሳብህ አመሰግናለሁ።

ቴስታታው ተነሳ። ሦስቱ ፒስቶኖች እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሦስተኛው ከነሱ 1.4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። በዓይኔም አየሁት፣ ልጁ ብረት ማስመሪያ አጋድሞ በእጅ ባትሪ ሲያበራበት ብርሃኑ ከሥር ያልፋል። አያ ፒንሳ፣ እርስዎ ሳያዩት ነው የነገሩኝ።

አሁን ልጁ ከቶርኖ ቤት ጠይቆ መጣ፤ "ቢየላውን በፕሬስ እናቃናዋለን" ብለውታል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። አዲሱ ግን ውድ ነው። ቢቃና ምን ይሆናል?

አያ ፒንሳ (ደሴ)

አይቃናም እቱ። ማለቴ፣ በዓይን ሲያዩት ይቃናል። አንዴ የታጠፈ ብረት ውስጡ ቆስሏል። በየደቂቃው በሺህ የሚቆጠር ዙር እየተጎተተና እየተገፋ አንድ ቀን ይሰበራል፤ ሲሰበር የተረፈው ክራንኩ ላይ ሆኖ እየዞረ ብሎኩን በጎን በጥሶ ይወጣል። ያኔ ነው እውነት "ሞተር ይውረድ" የሚባለው፣ ወርዶም ላይመለስ። እንደውም የጎርፍ መኪና ተነሥታ፣ ሮጣ፣ በጥር ወይ በየካቲት "ድንገት" ሞተር ፈነዳ የሚሉሽ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ክረምቱን ማንም አያስታውሰውም።

ቢየላ ይለወጥ። አዲስ ካልቻልሽ ከጤነኛ 5ኤል የወጣ ያገለገለ ፈልጉ፤ ግን ቶርኖ ቤት ቀጥ ያለ መሆኑ ይለካ፣ ከሌሎቹ ሦስቱ ጋርም በሚዛን ይመዘን። በሚታይ ልዩነት የሚከብድ ወይ የሚቀልል ከሆነ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

ፒስቶኑ ሲወጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ እዩት። የታጠፈ ቢየላ ፒስቶኑን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ንገሪኝ፣ ከሌለ ያው ፒስቶን ተጠርጎ ይመለሳል። ፒኑም በእጅ ይፈተሽ። ብሮንዚን ላይ ግን አልስማማም እንዳትዪኝ፤ ዘይቱ ጎርብጧል ብለሻል፣ ስለዚህ የአንዱ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ይለወጥ። ክራንኩ ራሱ ሳይወርድ በማይክሮሜትር ይለካ፤ ካልተጫረ አይነካም። የዘይት መያዣውና የዘይት መምጠጫ ወንፊቱ ይታጠቡ፣ ደለል የሚደበቀው እዚያ ነው።

ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሳለ ያልተጣመመ መሆኑ ይታይ፣ ቫልቮቹም ይፈተሹ። ጓርኒሲዮኑን ስትገዙ አሮጌው ላይ ያለውን የውፍረት ምልክት አይታችሁ ያንኑ አምጡ፤ ለዚህ ሞተር ከአንድ በላይ ውፍረት አለ፣ ባለሱቁ "ሁሉም አንድ ነው" ቢል አትስሙት። የታይሚንግ ቺንጋው ጭቃ ነክቶታል፣ እሱም አዲስ ይሁን።

አሁን ማንም ያላነሳት አንዲት ነገር። የዚህ ሞተር ዲናሞ ጀርባው ላይ ለፍሬን ማገዣ የሚሆን አየር የምትስብ ትንሽ ፓምፕ አለች፣ የምትለሰልሰውም በሞተሩ ዘይት ነው። ያ ማኪያቶ ዘይት እሷም ጋ ደርሷል። ዲናሞውና ሞተሪኖው ለጭቃው ብለው መከፈታቸው አይቀርም፤ ሲከፈቱ እሷም ትታይ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ፍሬን ፔዳሉ ደንድኖ ከቀረ ከጋራዥ እንዳትወጣ። መኪናሽ የተለመደ መስመሯ ባቲ ነው፣ አንድ ቀን ግን ትርፍ ሥራ ይዛ ደሴ ትወጣለች፤ የሀረጎን ቁልቁለት ያለ ፍሬን ማገዣ ሰው ጭኖ መውረድ አይሞከርም። የጎማ ፍሬኖቹም ከበሮ ይነሳና ጭቃው ይጠረግ።

ካምቢዮና ዲፍረንሻል። የሞቀ ዲፍረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፣ በመተንፈሻው ውሃ ይስባል። ዘይታቸው ይፍሰስ፤ ነጣ ካለ ይለወጥ። የጎማ ኩሽኔታዎች ግሪስም እንዲሁ።

ስትነሳ ርካሽ የሞተር ዘይት ይሞላ፣ ባዶዋን ቆማ ትሥራ፣ ሲሞቅ ይፍሰስ፤ ከዚያ አዲስ ማጣሪያና ደህናው ዘይት። ማርሚታዋ መጀመሪያ ነጭ ጭስ ብትለቅ አትደንግጪ፣ የተኛባት ውሃ ነው፣ ስትሞቅ ይቆማል። ሞቃም ካልቆመና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ግን ኮምፕሬሽኑ ይደገም፤ ሦስተኛው ከሌሎቹ እኩል መምጣት አለበት።

የተለወጠውን ሁሉ፣ አሮጌውን ቢየላም ብሮንዚኑንም፣ በካርቶን አድርገህ አስረክበኝ በዪው። ልጁ የሚከፋው አይመስለኝም።

ባለዶልፊኗ (ኮምቦልቻ)

ግድግዳው ላይ ጭረት የለም፣ ክራንኩም ደህና ነው አለኝ። ቢየላ ያገለገለ ደሴ ተገኝቶ ተመዝኖ ገባ። ቺንጋው፣ ብሮንዚኑ፣ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ናቸው። የዲናሞዋ ፓምፕ ውስጧ ጭቃ ተገኘ፣ ታጥባ ዘይቷ ተለውጦ ስባለች፣ ፔዳሉ ወረደ። ትናንት ተነሳች፤ ኮምፕሬሽኑ አራቱም 25 እና 26 ነው። ካርቶኑ ቤቴ ነው፣ ሞተሩም አልወረደም። ለመጀመሪያው መካኒክ መልስ አልላኩለትም።

ሹፌሩ ቁልፉን እስካሁን አላገኘም። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ የመቀመጫዎቹ ስፖንጅ በጣም ይሸታል፣ ፀሐይም የለም። አውጥቼ ልጠባቸው ወይስ ሽፋኑን ብቻ?

አያ ፒንሳ (ደሴ)

ስፖንጁም ይወጣል፣ ምንጣፉም። ስፖንጁን በንጹሕ ውሃና ኦሞ ጨምቀሽ እጠቢው፣ ሳይደርቅ አትመልሺው፤ ነሐሴ ነው፣ ከእሳት ቤት አጠገብ አቁሚው። ምንጣፉ ሲነሳ ወልድያው ልጅ ያለውን የሽቦ ሶኬት ሁሉ ልጁ ይንቀልና ያድርቅ።